ሽታ የሌለው ሰፈር

እንደምን ዋልሽ እቴ? አይ፣ አትነሺ፣ በሞቴ አትነሺ! እግርሽን ከስፌት መኪናው ላይ አታንሺ፤ እኔ እዚችው በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ልጅሽም በሰላም ተገላገለች ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ! ስድስት ወር ሙሉ እሷ ጋ ከርመሽ ስትመለሺ ፊትሽ እንዴት ፈካ ብሏል! የልጅ ልጅ ነገር እንዲህ ነው፤ እንቅልፍ ነስቶም ያወፍራል።

የመጣሁት ለዚች ሽርጥ ነው። ኪሷ ተገነጠለ። የአዲሱ ምድጃዬ በር መያዣው እንደ ሰው እጅ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ይጎትተኛል። ሁለት ሦስቴ መርፌ ብታሳልፊባት ይበቃታል። አትቸኩይ፤ የጀመርሽውን ጨርሺ።

ምንድን ነው የያዝሽው? የወንድ ሱሪ? ውይ፣ ጨርቁ ሲያምር! ወገቡን ነው የምታጠብቢው? አራት ጣት ያህል! ታዲያ ባለቤቱ ከስቷል ማለት ነዋ… ምስኪን። አይ፣ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም። ግን እዚያ መጋረጃ ሥር ጫማ አየሁ ልበል? ቡናማ ጫማ… ከጫማው በላይ ካልሲ… ከካልሲው በላይ ባዶ ቅልጥም። ሱሪው ካንቺ ጋ ከሆነ፣ ሰውዬው እስክትጨርሺ የትም ንቅንቅ አይልም ማለት ነው! ይቅርታ ወንድሜ፣ እኛ ሴቶች ስንጫወት ነው፣ አይስሙን። ቢሰሙንስ? ሰው እያማሁ መሰለሽ? እኔ ሰው አላማም። እንዲያውም ዛሬ የመጣሁት ሰው ላመሰግን ነው።

አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም በየስፌት ቤቱ አይጠራም። የዚህ ሰፈር ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ… ነበሩ ልበል ናቸው? ናቸው እንጂ! የሚመሩት ሰው ጠፋ እንጂ መሪውስ አሉ። ምነው ሳቅሽ? «እሳቸው» ስላልኩ? አፍንጫቸውን የጠረግኩላቸው ሰው ቢሆኑስ? እናታችን ስታርፍ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሊጥ ገንዳው ውስጥ ዱቄት ጆንያ አንጥፌ አስተኛቸውና አንድ ዓይኔን እሳቸው ላይ፣ አንድ ዓይኔን ምድጃው ላይ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው። አንድ ቀን እንዲያውም ሊጡ እሳቸው ላይ ኩፍ ብሎ ልናጣቸው ነበር። ይኸውና ተርፈው ለዚህ በቁ። ታዲያ ሰው ሲያድግ አይከበርም?

አንቺ ያኔ ስላልነበርሽ ከሥሩ ልንገርሽ። ተመልሰሽ ስትመጪ «ሰዉ ሁሉ የት ገባ?» ብለሻል አሉ። ይኸውልሽ እንግዲህ።

ልክ አንቺ እንደሄድሽ ሰሞን አንድ ድርጅት ደብዳቤ ጻፈልን። ሥራው ምን መሰለሽ? ድርጅቶች የት ቢቀመጡ እንደሚሻላቸው መምከር ነው። ፋብሪካው ወዴት ይተከል፣ መሥሪያ ቤቱ በየት በኩል ይሁን ሲባል፣ ሄዶ አየሩን ይለካል፣ ውሃውን ያያል፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ መናፈሻውን ይቆጥራል፣ ከዚያ «እዚህ ተቀመጡ» ይላል። ለሰው ሁሉ መቀመጫ እያገኘ ለራሱ ግን መቀመጫ አጥቶ፣ ሦስት ዓመት ምድር ቤት ውስጥ መስኮት በሌለው ክፍል ሲኖር ቆይቷል። ሁለት መቶ ሠራተኛ! ያኔ ግን ምርጫው ወደ ሁለት ቦታ ጠቦለት ነበር። አንዱ የእኛ ሰፈር፤ ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ያ የድሮ የቆዳ መጋዘን የነበረበት ጭቃ።

ሰዎቹ ሳይታወቁ አንዴ መጥተው ሰፈራችንን አይተውት ነበር። እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ሦስት ሆነው መጡ፣ ዳቦ ገዙ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው እየቆረሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። አንደኛዋ መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴት፣ ዳቦውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አሟት ነው ብዬ ውሃ ላመጣላት ነበር። ለካስ አለቃቸው ናት።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «ከአንድ ወር በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ እንመጣለን። እባካችሁ ምንም ነገር እንዳትለውጡ፤ የወደድነውን እንዳለ ማየት እንፈልጋለን።» ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። «እባካችሁ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ማህተሙ አርፎበት ነበርና ዘለሉት። ምን ያድርጉ? ማህተም ያለበት ላይ ዓይናቸው ሁልጊዜ ይፈዛል። ማህተም ሲወዱ!

ከዚያማ ሥራ ተጀመረ። እኔ እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። መጀመሪያ ወንዙን ያዙ። «ወንዙ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ መሆን አለበት» አሉ። ቀለም ተገዛ፣ ድልድዩ ላይ ቆመው ራሳቸው አፈሰሱት። እውነትም ሰማያዊ ሆነ… ለሩብ ሰዓት ያህል። ወንዝ ደግሞ ይሄዳል አይደል? ይህን ማን ሊነግራቸው ይችላል? ቀጥሎ ዳክዬ ተከራዩ፤ አሥራ ሁለት ዳክዬ። ዳክዬዎቹ ሥራ እንደተቀጠሩ የነገራቸው የለምና ገና ውሃ እንደነኩ ቁልቁል ወረዱ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሰማያዊ ዳክዬ አየን ብለው ለአንድ ሳምንት ሲገረሙ ከረሙ። የአንዱ ሰፈር ጥረት ለሌላው ሲተርፍ እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ልበ ሰፊ ናቸው አልልሽም?

ዛፍም አስተከሉ። ዛፍ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? ያደገ ቆርጠው አመጡና ባልዲ ውስጥ በአሸዋ አቆሙት፤ እንዳይወድቅም በሽቦ ከመብራት እንጨት ጋር አሰሩት። ወፍ ደግሞ ያስፈልጋል። ዛፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉና የወፍ ዜማ ለቀቁበት። በየአሥር ደቂቃው አንዲት ሴት ከቅጠሉ መሃል «ይህን ድምፅ ከወደዱት ለወዳጅዎ ያጋሩ» ትላለች። ያሉን ወፎች እሷን ሲሰሙ ተነቅለው ማዶ ተሻገሩ። በዚህ ሰፈር ነገር መጀመሪያ የገባቸው እነሱ ናቸው።

ውሾች እንዳይጮኹ ወደ ዘመድ ተላኩ። የመካኒኩ መዶሻ ካልሲ ለበሰ። እውነቴን ነው እቴ፣ ካልሲ! ያ ምስኪን ቀኑን ሙሉ ብረት ይመታል፣ ድምፁ ግን ትራስ እንደመምታት «ዱም… ዱም…» ነው። «መታሁት ወይስ አልመታሁትም?» እያለ ጣቱን ሁለቴ ቀጠቀጠ። በመጨረሻ መፍቻዎቹን ሰብስቦ በጋሪ ጭኖ ወደ ማዶ ሄደ። ሊቀመንበሩ «የድምፅ ብክለት በፈቃዱ ለቀቀ» ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉ። ሰውን በፈቃዱ ማስለቀቅ እንዴት ያለ ችሎታ ነው!

ለነዋሪውም ፕሮግራም ወጣለት። «ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደስተኛ ቤተሰብ፤ ከአሥራ አንድ በኋላ የሚያነቡ አረጋውያን» ይላል። ጡረታ የወጣችውን ነርስና ባሏን ታውቂያቸው የለ? ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም። «የሚዋደዱ ባልና ሚስት» ተብለው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲንሸራሸሩ ተመደቡ። ልምምዱ ላይ «አሁንስ ልልቀቅ?» ይላታል፤ «ሰዓቱ አልደረሰም፣ ያዘኝ!» ትለዋለች። እሷው ነገረችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እየተጨቃጨቁ በፍቅር ይኖራሉ። ይህን ለሊቀመንበሩ የምቆጥርላቸው በሙሉ ልቤ ነው።

እኔስ? እኔን ረስተውኝ መሰለሽ? እህታቸውን… ሰው እህቱን ይረሳል? ደብዳቤ ጻፉልኝ። ከቤታቸው እስከ ቤቴ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ደብዳቤው ግን በፖስታ ቤት ዞሮ በአምስተኛው ቀን ደረሰኝ። «ክብርት የዳቦ ቤቱ ባለቤት» ይላል። ክብርት! ሹመት ይሉሻል ይህ ነው። «ከምድጃው የሚወጣው ጭስና ሽታ የአካባቢውን ገጽታ የማይመጥን በመሆኑ፣ ምድጃው ለጊዜው እንዲነሳ በአክብሮት እናሳስባለን።» ለጊዜው! ጡብ ለጊዜው ሲፈርስ አይተሽ ታውቂያለሽ? አባታችን በእጁ የገነባውን፣ እሳቸውን ራሳቸውን አብልቶ ያስተማረውን ምድጃ በአንድ ጠዋት አወረዱት። የጭስ ማውጫው ሲወድቅ ሠራተኞቹ እንኳን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቸው? እሳቸው አልነበሩም። ስብሰባ ነበረባቸው። ምን ስብሰባ ነበር መሰለሽ… የዳክዬዎቹ መጥፋት።

በምድጃው ቦታ አግዳሚ ወንበር ተተከለ። «የእፎይታ ወንበር» የሚል ጽሑፍ አለው። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፤ ተካዮቹ አዙረው ተከሉት፣ ሲሚንቶውም ደረቀ። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ «ማሰላሰያ ነው» አሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ምን ላደርግ እችላለሁ፣ አልቅሼ ሲበቃኝ ጡቡን ለቀምኩ። መካኒኩ ጋሪውን አዋሰኝ። ስድስት ቀን ተመላልሰን ድልድዩን ተሻገርንና የድሮው የቆዳ መጋዘን ውስጥ ምድጃዬን መልሼ ቆለልኩት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። አንዳንዱን ጡብ ሳነሳ የአባቴ የጣት ምልክት ነበረበት… ተይው። ዛሬ ለማመስገን ነው የመጣሁት ብያለሁ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን እኔም በፕሮግራሙ ውስጥ ነበርኩ። «ደስተኛ ነዋሪ ቁጥር ሰባት»። ሥራዬ ከእፎይታ ወንበሩ ጀርባ ቆሞ ፈገግ ማለት ነው። ከማዶ ጋግሬ ስመጣ ክንዴ ላይ ዱቄት ነበር፤ ሊቀመንበሩ በመሐረባቸው አራገፉልኝና «ዱቄት አይታይብሽ» አሉኝ። በዚያ ወር ውስጥ በአፋቸው ያናገሩኝ ይህችን ብቻ ነው። አይገርምሽም፣ እኔ ሞኝ ለደቂቃ ደስ አለኝ።

ሦስቱ ከነመሣሪያቸው ደረሱ። ድምፁን ሲለኩ መርፌው አልነቃነቅ አለ። አንደኛው መሣሪያውን በጥፊ መታው። «ተበላሸ እንዴ?» ሲል ሊቀመንበሩ በኩራት «አልተበላሸም! ዝም አሰኝተነው ነው» አሉት። አለቅየዋ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረገች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር አይደል?» አለች።

«ነበር!» አሉ እሳቸው፤ «አጠፋነው!»

«ምን ነበር?»

«ሽታ!»

«ጎን ለጎኑ ደግሞ… አንድ የሚደበድብ ሰው ነበር።»

«እሱንም አጠፋነው!»

ጻፈች። እሳቸው ስትጽፍ ባዩ ቁጥር ደረታቸው ይነፋል። «ከፈለጋችሁ ሌላም የምናጠፋው አለን» አሏት እንጂ! ያኔ ነፋስ መጣና በባልዲ ከቆሙት ዛፎች አንዱ ሽቦውን በጥሶ የእንግዶቹ መኪና ላይ ተኛ፤ ከውስጡም «ይህን ድምፅ ከወደዱት ለወዳጅዎ ያጋሩ» አለ።

እንግዶቹ በእግራቸው ወደ ድልድዩ ሄዱ። እኛም ደስተኞቹ ተከተልናቸው፤ ፕሮግራሙ አላለቀማ። ድልድዩ መሃል ላይ ሲደርሱ ያው ነፋስ ከማዶ ዞረና የጠዋቱን ዳቦዬን ሽታ ይዞ መጣ። ከኋላውም የመካኒኩ መዶሻ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ «ቋ! ቋ!» ሲል ተሰማ። ሴትየዋ ቀጥ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሊቀመንበሩን አየኋቸው፤ እሳቸው እኔን አዩኝ። ክንዴ ላይ የቀረ ዱቄት ነበር…

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔያቸው በአዳራሹ ተነበበ። «ማዶውን መርጠናል። ለሠራተኞቻችን ኑሮ የሚሆን አካባቢ ስንፈልግ የመጀመሪያው ምክንያታችን ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ የሚሸት መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ሲሠራ የሚሰማበት መሆኑ። ጭቃው ይደርቃል።» አነበቡት፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው ያነበቡት። እዚህ ላይ ማህተም አልነበረበትም፣ አንድም ቃል አልዘለሉም።

ከዚያ በኋላማ ምን ልንገርሽ? ድርጅቱ ሲሻገር የሚመክራቸው ሁሉ «መካሪያችን ያለበት ሳይሻል አይቀርም» እያሉ ተከተሉት። ፀጉር አስተካካዩ ሄደ፣ መድኃኒት ቤቱ ሄደ፣ መጽሐፍ ሻጩ ሄደ። ጭቃው እውነትም ደረቀ፣ መናፈሻ ሆነ። ያቺ ነርስና ባሏም ለመጨቃጨቂያ እዚያው ይመጣሉ። አንቺስ መቼ ነው የምትሻገሪው? ከእኔ አጠገብ አንድ ክፍል አለ፤ ቁልፉን አስይዤልሻለሁ።

እዚህ ታዲያ ሊቀመንበሩ ያለሙት ሁሉ ተሳካ። ድምፅ የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ስንት ሰው ነው የተመኘው በዕድሜው የሚፈጸምለት? እሳቸው ግን ከሱ፤ ለምን ይከሳሉ? ሲያልፉ ያየ ሰው እንደነገረኝ ከሆነ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ድልድዩ ጫፍ ላይ ይቆማሉ አሉ። አይሻገሩም። ነፋሱን ይቀበላሉ እንጂ… ብቻ ይቆማሉ።

ቀስ በይ፣ መርፌው እንዳይወጋሽ። ምነው ወደ መጋረጃው ዞርሽ?

አሁን ደግሞ ያ ድርጅት «የአካባቢ ጉዳዮች አስተባባሪ» የሚባል ሰው ሊቀጥር ነው። ሰፈሩ እንዲስማማ የሚያደርግ፣ ነዋሪውን የሚያዳምጥ። ማን አመለከተ መሰለሽ? እንዴት ያለ ድፍረት፣ እኔ ድፍረት እወዳለሁ! ፈተናው ነገ ነው፤ ጥሩ ሱሪ ለብሶ መቅረብ ያስፈልጋል። አለቅየዋ ዳቦ የምትበላው እኔ ጋ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን ይዛ መጣችና «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

ምን ልበል? ልዋሽ? የእናቴን ልጅ ልክድ? ከማውቀው በላይ አመሰገንኳቸው። «እኚህን ሰው ከልጅነታቸው አውቃቸዋለሁ» አልኳት። «የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይተዉም። እሳቸው በገቡበት ቦታ ጭስ አይታይም፣ ጩኸት አይሰማም። አንድ ወር ብቻ ስጧቸው፣ ይህ መንገድ ምንም ምንም አይሸትም።» ይህንን ማንም ሰው አይመሰክርላቸውም፤ ከእህት በቀር። ሴትየዋ ዳቦዋን ማላመጥ አቁማ አየችኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አወጣች። ምን እንደጻፈች አላየሁም። ጥሩ ነገር ይሆናል… ረጅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ልሂድ፣ ቡኮው ይጠብቀኛል። ያችን አርባ እርምጃ መጥተው ቢሆን ኖሮ… በሬን ከፍተው «እታለም፣ ምድጃሽን አፍርሽልኝ፣ ለትልቅ ነገር ነው» ቢሉኝ ኖሮ፣ በገዛ እጄ ነበር የማፈርሰው። ጡቡን ቆጥሬ ነበር የማስረክባቸው። እንኳን ምድጃ… ተይው። ፖስታ ቤቱ ይሻላል ብለዋል፤ የሚሻለውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሽርጧን ነገ አድርሺልኝ፤ ቤቱን ለማየትም ይሆንሻል። ለእሳቸው ደግሞ ካገኘሻቸው ምርቃቴን አድርሺልኝ፤ እህት ቂም አትይዝም። ፈጣሪ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ጤናቸውን ይጠብቅላቸው። ቤታቸው ሰላም ይሁን፤ በራቸውን የሚያንኳኳ አያስቸግራቸው፣ ጠዋት «ተነሳ፣ ዳቦው ቀዘቀዘ» የሚላቸው አይረብሻቸው፣ ስማቸውን በቁልምጫ ጠርቶ የሚያቋርጣቸው አይምጣባቸው። መቶ ዓመት ይኑሩልኝ እቴ… መቶ ዓመት ሙሉ፣ ልክ እንዳሁኑ፣ ማንም ሳይነካቸው።